ከጎሉ በኋላ አሥር ቁጠሩ፦ የአቶ ደምሰው ወልደየስ የሕይወት ታሪክ

አቶ ደምሰው ወልደየስ ከአባታቸው ከአቶ ወልደየስ ሀብተጊዮርጊስ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ሙሉእመቤት አየለ ጥር 12 ቀን 1949 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተማ ቂርቆስ ሰፈር ተወለዱ። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት እኔ ታናሽ እህታቸው ብዙዬ ነኝ። የሕይወት ታሪክ በረጋ ድምፅ ነው የሚነበበው፤ እኔም እንደዚያ ልጽፍ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቴም ቀደድኩት። ጋሼ የረጋ ሕይወት አልኖሩም። ስለዚህ የሚያነበው ሰው ፈጠን ብሎ እንዲያነበው አደራ እላለሁ።

ቤታችን ለስታዲየሙ ቅርብ ነበር። ጥር 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ስታነሳ ጋሼ ገና አምስት ዓመታቸው ነበር። የሚያስገባቸው ሰው ስላልተገኘ በራችን ላይ ቆመው አዳመጡ። እናታችን እንደነገሩኝ፣ ጩኸቱ ከስታዲየም ተነስቶ ሰፈራችን ሲደርስ ጋሼ "ገባ!" እያሉ ወደ ቤት ሮጡ። ሬዲዮ አልነበረንም፤ የነገራቸውም ሰው የለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ፣ ጎል መግባቱን የሚናገረው ሕዝቡ ነው፣ ጨዋታ የሚያስተላልፈው ሰው በዚያ ሰዓት አፉን መያዝ አለበት ብለው ያምኑ ነበር።

አንደኛ ደረጃን በሰፈራቸው፣ ሁለተኛ ደረጃን በሽመልስ ሀብቴ ትምህርት ቤት ተከታትለው በ1968 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍልን አጠናቀቁ። በሂሳብ ጎበዝ ነበሩ ይባላል። እኔ የማስታውሳቸው ግን ሬዲዮ ላይ ተደፍተው ነው። አባታችን ሬዲዮ ገዝተው ካስገቡ በኋላ ጨዋታ ሲተላለፍ ጋሼ ሁለት ኩባያ፣ ሦስት ብርጭቆና የጨው ዕቃ አልጋ ላይ ይደረድሩና አስተላላፊው በተናገረ ቁጥር ያንቀሳቅሷቸው ነበር። የጨው ዕቃው ኳስ ነው። አልጋው በጨው ተሞልቶ ስንት ቀን ተገርፈዋል፤ አልተውትም። ትምህርታቸውን እንደጨረሱ ፖስታ ቤት ተቀጥረው ደብዳቤ በመለየት አምስት ዓመት አገለገሉ። በ1974 ዓ.ም. በጊዜው በነበረው ችግር ወደ ሱዳን ተሰደዱ፤ ካርቱም ሁለት ዓመት ቆዩ። ስለዚያ ጊዜ ብዙ አይናገሩም ነበር።

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1984 አሜሪካ፣ ዴንቨር ከተማ ገቡ። ካፒቶል ሂል በሚባለው ሰፈር፣ ከኮልፋክስ ጎዳና አንድ ብሎክ ገባ ብሎ፣ አንድ አፓርታማ ለአምስት ተከራይተው ኖሩ። ጠዋት ሆቴል ሰሃን ያጥባሉ፣ ከሰዓት በኋላ ዳውንታውን ፓርኪንግ ይሠራሉ። መጀመሪያ ያገኙት ቴሌቪዥን መንገድ ዳር የተጣለ ነበር፤ ተሸክመው አራተኛ ፎቅ አወጡት። እ.ኤ.አ. በ1989 ከወ/ሮ እቴነሽ ክፍሌ ጋር በተክሊል ተጋብተው ናዝራዊትን በ1992፣ እንዳልክን በ1995 ወለዱ። ወ/ሮ እቴነሽ ኳስ አይወዱም። ከሠላሳ ስድስት ዓመት በላይ ግን ከኳስ ጋር በአንድ ቤት ኖረዋልና ምስጋና ይገባቸዋል።

አሁን ስለ አሜሪካ ቴሌቪዥን መናገር አለብኝ፤ ይህን ዘልዬ ባልፍ ጋሼ ከሳጥናቸው ይነሳሉ። በ1990ው የዓለም ዋንጫ ጨዋታው እየተካሄደ ማስታወቂያ ይገባ ነበር። ኳሷ በረኛው ጋ ልትደርስ ስትል የመኪና ማስታወቂያ ይመጣል። ሲመለስ ተጫዋቾቹ ተቃቅፈዋል። ማን አገባ፣ እንዴት አገባ፣ የሚያውቅ የለም። በ1994 ዋንጫው እዚሁ አሜሪካ ሲመጣ ማስታወቂያው ቀረ፤ ማስረዳቱ ግን ባሰ። በየጨዋታው ኦፍሳይድ እንደ አዲስ ይብራራል። አጥቂው በረኛውን አልፎ እየሄደ አስተላላፊው ይህ በአሜሪካን ፉትቦል ቢሆን ምን እንደሚባል ይተነትናል። በ1996 የአገሩ ሊግ ሲጀመር ደግሞ ሰዓቱ ከአርባ አምስት ወደ ዜሮ ይቆጥር ነበር። ጋሼ "ኳስ ነው ወይስ ሮኬት ሊያስወነጭፉ ነው?" ብለው ከሶፋው ተነስተው ወጥተው ሄዱ፤ ጨዋታው ሳያልቅ ግን ተመልሰዋል። ከዚያ ወዲህ ሰዓቱም ተስተካከለ፣ የእንግሊዝ አነጋገር ያላቸው ሰዎችም መጡ። ጋሼን የሚያስደስት ግን አልተገኘም። አንዱ ኳሷ እየተጓዘች የተጫዋቹን አያት ታሪክ ያወራል፤ ሌላው ቁጥር ይደረድራል፤ ጎል ሲገባ ደግሞ ሁሉም አብረው ይጮሁና የስታዲየሙን ድምፅ ይደፍኑታል።

እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ጋሼ ታክሲ ይነዱ ነበር። ኤርፖርት ተራ የሚጠበቅበት ቦታ ላይ ከአቶ ሽኩር ጋር ተዋወቁ። አንዱ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሌላው ወደ መስጊድ ይሄዳሉ እንጂ ከዚያ በቀር ተለያይተው አያውቁም። ይኸው ዛሬም ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። እኔንም ጋሼ በ1999 ሲያመጡኝ ኤርፖርት የተቀበሉኝ ሁለቱ ናቸው፤ እስከ ቤት ድረስ ስለ አንድ የቅጣት ምት ሲከራከሩ ደህና ገባሽ ያለኝ የለም።

አቶ ሽኩር የስኳር በሽታ ዓይናቸውን እየጎዳው በ2008 መንዳት አቆሙ። ልጃቸው ሳዲያ አጎራባች በሆነችው አውሮራ፣ ሃቫና ስትሪት ላይ ሻይ ቤት ከፈተች፤ እሳቸውም ጥግ ያለችውን ጠረጴዛ ያዙ። በ2010ሩ የዓለም ዋንጫ ሻይ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ አቶ ሽኩር ወደ ጋሼ ዞረው፣ "ደምሰው፣ ይሄ ሰውዬ ሲደነቅ እሰማዋለሁ፤ ኳሷ የት እንዳለች ግን አይነግረኝም" አሏቸው።

ጋሼ ሪሞቱን ከሳዲያ እጅ ተቀብለው ቴሌቪዥኑን ሚውት አደረጉት፤ ምስሉ ቀርቶ ድምፁ ጠፋ። ተነሱና ጀመሩ። "መሐል ሜዳ ናት። ወደ ግራ ሄደች። ግራ መስመር ላይ አስቁሟታል፣ አንዱን አለፈ፣ ቀና አለ፣ ሳጥን ውስጥ ሁለት ሰው አለው፣ ላካት…" ጎሉ ገባ። ሻይ ቤቱ በጩኸት ተናወጠ። ጋሼ ጣታቸውን እያጠፉ አሥር ከቆጠሩ በኋላ ብቻ ማን እንዳገባው ተናገሩ። የዚያን ቀን የሁላችንም ሻይ ሳይጠጣ ቀዘቀዘ። አቶ ሽኩር ደግሞ የተከለከሉትን ስኳር አንድ ፓኬት አንስተው ጠረጴዛው ላይ፣ ጋሼ እንዳሉት፣ ከመሐል ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ሳጥን ሲገፉ ነበር። እኔ የጨው ዕቃው ትዝ አለኝና አለቀስኩ።

እንዲህ እያለ አሥራ ሦስት ዓመት ሄደ። በዚያ ሻይ ቤት የኳስ ቴሌቪዥን ድምፅ ተከፍቶ አያውቅም። ጋሼ ቅዳሜ ጠዋት ሎውሪ ሰፈር ካለው ቤታቸው ተነስተው ሲመጡ ፓርክ እስኪያደርጉ የሚጠብቅ ሕዝብ ነበር። ረመዳን ከሆነ ውሃ እንኳ በአቶ ሽኩር ፊት ሳይጠጡ ዘጠና ደቂቃ ይናገራሉ። አውቃለሁ ባይ ተከራክሮ የሚያሸንፋቸው አልነበረም። ከእሳቸውና ከእንግሊዝኛው አስተላላፊ ማን ይሻላል ብሎ የጠየቀ ደግሞ ሻዩን ይዞ ውጭ ይቀመጥ ነበር።

ናዝራዊት ወጣትነቷን ያሳለፈችው በዚያ ሻይ ቤት ነው ማለት ይቻላል። አባቷ በአማርኛ ሲናገሩ በእንግሊዝኛ እየመለሰች፣ ከኳስ በቀር ሌላ የሚያወሩት ሳይኖራቸው አደገች። አውሮራ ሃይስኩል ስትጫወት ጉልበቷ ተጎዳ፤ መጫወት ሲቀር ማስተላለፍ ጀመረች። መጀመሪያ የዩኒቨርሲቲ ጨዋታዎችን፣ በኋላም በሚያዝያ 2023 በአንድ የአካባቢው የስፖርት ቻናል ኮሜርስ ሲቲ ስታዲየም ተቀምጣ የመጀመሪያ ጨዋታዋን በቀጥታ አስተላለፈች። የቂርቆስ ልጅ ልጅ፣ የታክሲ ነጂ ልጅ፣ በአሜሪካ ቴሌቪዥን! ሻይ ቤቱ ሠርግ ቤት መሰለ። ጋሼ ሙሉ ልብስ ለብሰው መጡ።

ጨዋታው ሊጀመር ሲል ጋሼ በልማድ ሪሞቱን አንስተው ሚውት አደረጉና ተነስተው መናገር ጀመሩ። አራት ደቂቃ ያህል ሄዱ። እኔ ነኝ "ጋሼ፣ ልጅቷ እኮ ናት" ያልኳቸው። ደንግጠው ከፈቱት። እንደ አጋጣሚ ናዝራዊት በዚያች ደቂቃ ኦፍሳይድን እያስረዳች ነበር፤ ለአሜሪካን ፉትቦል ተመልካች እንዲገባው አድርጋ። ጋሼ ፊታቸው ተለዋወጠ። "ይህን እኔ አላስተማርኳትም" አሉና መልሰው ሚውት አደረጉት። ቀሪውን ጨዋታ ራሳቸው አስተላለፉ። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

የመጀመሪያው ስህተት የልማድ ነበር፤ ሁለተኛው የልማድ አልነበረም። ሦስተኛው ደግሞ የእኔ ነው፤ የሰው ሕይወት ታሪክ ሲጻፍ የራስን ነውር መደበቅ ደስ አይለኝምና እናገረዋለሁ። ያንን ነገር በስልኬ ቀርጬ ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩት። ያስቃል ብዬ ነው። ሲመሽ ናዝራዊት "ዳድ ሚውት አደረገኝ?" የሚል አንድ መልእክት ላከችልኝ። አጠፋሁት፤ ግን አይታዋለች። ያንን በጋ አልመጣችም። ገናም አልመጣችም። ጋሼም ስልክ አልደወሉም፤ ግትርነቱ ከማን እንደተወረሰ መቼም ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

በጥር 2024 የጉሮሮ ካንሰር ተገኘባቸው። በመጋቢት የድምፅ ሳጥናቸው በኦፕሬሽን ወጣ። እግዚአብሔር ከደምሰው ወልደየስ ሌላ ነገር ሁሉ ሊወስድ ይችል ነበር፤ እግር አለ፣ እጅ አለ። የወሰደው ድምፃቸውን ነው። ይህን ስጽፍ አሁንም እናደዳለሁ። ናዝራዊት ሰምታ መጣች፤ ሦስት ቀን ሆስፒታል አደረች። ስለ ዶክተሩ፣ ስለ መድኃኒቱ፣ ስለ ምግቡ ተነጋገርን። ስለ ኳስ አንዲት ቃል አልተነሳም። ጋሼ በንግግር ፈንታ የሚጽፉበትን ነጭ ሰሌዳ ይዘው ሊጽፉ ይጀምሩና ያጠፉት ነበር። ልጅቷ ተመልሳ ሄደች፤ ጋሼም ሊሉት የፈለጉት ነገር ሳይባል ሊቀር ሆነ።

ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ሻይ ቤት ሲሄዱ የሚናገር ስላልነበረ የቴሌቪዥኑ ድምፅ እንደተዘጋ ይውል ነበር። ከፍተን እንስማ የሚል ማንም አልደፈረም። በመጨረሻ የተናገሩት አቶ ሽኩር ናቸው። "ደምሰው፣ አንተ ለማያይ ሰው ታስረዳለህ፤ ልጅህ ለማያውቅ ሰው ታስረዳለች። ምንድን ነው የለያችሁ?" አሏቸው። ጋሼ ሰሌዳቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ከዚያ ቀን በኋላ ያለውን የነገሩኝ ወ/ሮ እቴነሽ ናቸው። ጋሼ ቤት በር ዘግተው የናዝራዊትን ጨዋታዎች ድምፁን ከፍተው መስማት ጀመሩ። ደብተር ነበራቸው፤ አሁን እኔ ጋ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ "ዛሬ ኳሷን አሥራ አራት ጊዜ ጥላት ሄደች" ይላል። ቀጥሎ "ዘጠኝ"። ቀጥሎ "አምስት፤ ሁለቱ የሪፕሌይ ጥፋት ነው"። ከዚያ ቁጥሩ ይቀርና በጋሼ የፖስታ ቤት ጽሕፈት እንዲህ ይነበባል፦ "እኔ እዚህ አገር ስመጣ ማንም አንድም ነገር ያስረዳኝ የለም። እሷ ታስረዳቸዋለች።"

መስከረም 2024፣ ቅዳሜ ቀን፣ ናዝራዊት የምታስተላልፈው ጨዋታ ነበር። ጋሼ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው ሻይ ቤት ገቡ። ሪሞቱን ከሳዲያ ተቀበሉ።  ከዚያች አንዲት ደቂቃ በቀር፣ በአሥራ አራት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ የዚያ ሻይ ቤት ቴሌቪዥን ድምፅ ተከፈተ፤ የልጃችን ድምፅ ሃቫና ስትሪትን ሞላው።

እኔ ዓይኔ አቶ ሽኩር ላይ ነበር። መጀመሪያ እጃቸውን አጣምረው ተቀመጡ። ናዝራዊት በእንግሊዝኛ፣ ግራ መስመር፣ ሠላሳ ያርድ፣ ወደ ኋላ መለሳት፣ አሁን ወደ ቀኝ ትሻገራለች እያለች ስትሄድ አቶ ሽኩር ቀስ ብለው አንድ የስኳር ፓኬት አነሱ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ገፉት። ወደ ኋላ መለሱት። ወደ ቀኝ ወሰዱት። "ደምሰው፣ የት እንዳለች ትነግረኛለች እኮ" አሉ። ለካ ልጅቷ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የምታስተላልፈው እንደ አባቷ ነበር። እኛ ዘግተናት አልሰማናትም እንጂ።

በሰባ አንደኛው ደቂቃ ጎል ገባ። ሻይ ቤቱ ተነሳ። የናዝራዊት ድምፅ ግን ጠፋ። ሁላችንም ዞር ብለን ጋሼን አየን፤ ደግሞ ዘጓት ብለን። ጋሼ ሪሞቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ። ቴሌቪዥኑ አልተዘጋም ነበር፤ የስታዲየሙ ሕዝብ ጩኸት ይሰማል። ዝም ያለችው እሷ ናት። ጋሼ ባነሱት እጅ ጣታቸውን አንድ በአንድ ማጠፍ ጀመሩ፤ ሙሉው ሻይ ቤት አብሯቸው ቆጠረ።

ከጨዋታው በኋላ ደወልኩላት፤ ስለ ቪዲዮው ይቅርታ ጠየቅኩ፣ ያየሁትንም ነገርኳት። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሻይ ቤቱ በር ላይ ፓርክ አደረገች። የስታዲየም ካርዷ አንገቷ ላይ እንዳለ ገባች። ጋሼ ሰሌዳውን አዘጋጅተው ጠብቀዋታል። "ይቅር በይኝ ልጄ። አሥር ቆጠርኩ" ይላል። ናዝራዊት አንብባ በአማርኛ፣ "ዘጠኝ ነው አባዬ። አሥር ላይ ልደርስ ስል ፕሮዲውሰሩ በማዳመጫው ጆሮዬ ላይ ጮኸብኝ" አለቻቸው። ጋሼ ድምፅ በሌለው ሳቃቸው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። እሷ ደግሞ እንደ ሕፃን አለቀሰች። ሳዲያ ለሁሉም ሻይ ቀዳች፤ ያኔም ሳይጠጣ ቀዘቀዘ።

ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ተኩል እግዚአብሔር ጨመረላቸው፤ ደስ ብሏቸው ኖሩት። ናዝራዊት በምታስተላልፍ ቀን ቴሌቪዥኑ ይከፈታል። ሥራ በሌላት ቀን ደግሞ ሚውት ይደረግና እሷ ራሷ ተነስታ ለአቶ ሽኩር በአማርኛ ታስተላልፋለች። አማርኛዋ ሲያልቅባት "ፓስ አደረገ፣ ሚስ አደረገ" ትላለች፤ ጋሼ ሰሌዳው ላይ ያርሟታል፤ እሷ እያነበበች ትቀጥላለች። ለአንድ ሥራ ሁለት ሰው ሆኑ። የእሷን ጨዋታ ይሰሙ የነበሩ አንዲት የአውሮራ አሜሪካዊት ሴትዮ አንድ ቀን ሻይ ቤት መጥተው፣ ኳስን ያወቅኩት በልጅዎ ነው ብለው ሲጨብጧቸው ጋሼ እጃቸውን ለረጅም ጊዜ አልለቀቁም።

በታኅሣሥ 2025 ሕመሙ ተመለሰ። ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ሌት ተቀን ሲያስታምሟቸው ቆይተው፣ የዓለም ዋንጫ እንደገና ወደዚህ አገር ሊመጣ ሦስት ወር ሲቀረው፣ መጋቢት 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ69 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። አቶ ደምሰው ባለትዳር፣ የሁለት ልጆች አባትና የአንዲት የልጅ ልጅ አያት ነበሩ። ባለቤታቸው ወ/ሮ እቴነሽ፣ ልጆቻቸው ናዝራዊትና እንዳልክ፣ የልጅ ልጃቸው ብሌን፣ እህታቸው እኔ፣ ወንድም የሆኗቸው አቶ ሽኩር፣ እንዲሁም በየሳምንቱ ሻያችሁን ያቀዘቀዛችሁ እናንተ ሁላችሁ ቀርታችኋል። በሕመማቸው ጊዜ ላልተለያችሁን፣ ዛሬም ከሥራችሁ ቀርታችሁ ለቆማችሁ እግዚአብሔር ውለታችሁን ይክፈል።

ለማያይ ሰው ዓይን የሆኑትን ወንድሜን አምላክ በብርሃኑ ይቀበላቸው፤ የወሰደባቸውን ድምፅ በደጁ ይመልስላቸው፤ ነፍሳቸውንም ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍ።

ይህን ወረቀት ለምታነበው ሰው የናዝራዊት አደራ አለብኝ። እዚህ ስትደርስ አቁም። ማንም ቀጣዩን መርሐ ግብር አይጥራ። ለቅሶው የሕዝቡ ነውና ይሰማ፤ እኛ በጣታችን አሥር እንቆጥራለን። ዛሬ ማንም ዘጠኝ ላይ አያቋርጣትም።